የዳማ ሳል

በታህሳስ ማለዳ እንጅባራ ላይ ባጃጅ ማስነሳት ሙት ከማስነሳት አይተናነስም። ከሱቄ ፊት ለፊት የሚያድረው ባጃጅ ብርዱ አጥንቱ ድረስ ገብቶበት፣ ባለቤቱ እየረገመ እጀታውን ሲስብለት፣ «ኧህ፣ ኧህ፣ ኧህ» ብሎ ሦስት ጊዜ ደረቅ ሳል ያስልና ዝም ይላል። ሰፈሩ ሁሉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ በሳቅ ማን ይቀድመኛል፤ ግን ከሳቄ በፊት ለአንዲት አፍታ ወደ ኋላዬ ዞሬ ጋጥ እፈልጋለሁ። ጋጥ ከየት ይምጣ፤ ከኋላዬ ያለው የሱቄ ግድግዳ ነው፣ ግድግዳው ላይም የሰፋሁት ግላስ፣ የፈረስ የጌጥ ልብስ፣ ተንጠልጥሏል።

ሳልረሳው ልናገርና፣ በዚህ ከተማ እንደኔ የፈረስ ጌጥ የሚሰፋ የለም። መርፌ አያያዝ ያስተማረኝ የለም፣ ፊደልም ያስቆጠረኝ የለም፣ ተማሪ ቤት የሚሄዱ የጎረቤት ልጆችን ደብተር እየለመንኩ፣ ሲከለክሉኝም እየሰረቅኩ ነው የለየሁት፣ ይኸው ዛሬ የፈለጋችሁትን መጽሐፍ አምጡልኝ። ጉራ ነው ካላችሁ አዎ ጉራ ነው። ከልጅነቴ አብሮኝ ያደገ ነው፣ ከአንድ ክፉ ዓመት በቀር ብዙም አልጎዳኝም። የዚያን ዓመት ግን ጉራዬ የአባቴን ፈረስ ሊገድል ምንም አልቀረውም።

ቤታችን ከእንጅባራ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ገባ ብሎ ነበር። ክረምት ሲሆን ጉሙ ሳያንኳኳ ቤት ይገባና ጓዳ ድረስ ይዘልቅ ነበር፣ ከአጥራችን ቀርከሃ ላይ ውሃው ሲንጠባጠብ ይውላል፣ ይንጠባጠብ ያድራል። እኛ ከቀርከሃው መከፋፈያ ወዲህ፣ ዳማ ከመከፋፈያው ወዲያ እንተኛ ነበር፣ ትንፋሹ ቤቱን ያሞቀዋል፣ እናቴ «ከእንጨት ይልቅ እሱ ይሻላል፣ ጭስ የለውም» ትል ነበር። ፈረሱ ዳማ የተባለው መልኩ ቀይ ዳማ ስለነበረ ነው፣ አባቴ በስም ማውጣት ራሱን አያደክምም። ፋንድያውን የምጠርግ እኔ፣ ጋማውን የማበጥር እኔ፣ ገብሱን ፈትጌ የማበላው እኔ ነበርኩ፣ ታናናሾቼ ሊነኩት ቢመጡ በጥፊ ነው። አሥር ዓመቴ ነበር፣ ግን ስለ ፈረስ ከተነሳ የአርባ ዓመት ሰው ያህል አወራ ነበር።

አባቴ ፈረሰኛ ነበር። በኛ አገር ፈረሰኛ ማለት ፈረስ ያለው ማለት ብቻ አይደለም። ሰው ሲሞት ፈረሰኞቹ ሁሉ ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ይመጣሉ፣ የሟቹ ፈረስ ተጭኖ ከፊት ይሳባል፣ ሬሳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመግባቱ በፊት ሜዳው ላይ ይጋለብለታል። የፈረሰኞች ማኅበርተኛ ሆኖ በእግሩ የመጣ ሰው ቀብር መጣ አይባልም። ነገ እሱ ሲሞት ማን ይጋልብለታል? አባቴ ለዚህ ነገር ነፍሱን ይሰጥ ነበር። የፈረሰኞቹ አለቃ አያ ቸኮል የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፣ አባቴን፣ አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት ሜዳ ለሜዳ ሲንከራተት፣ መጀመሪያ ፈረስ ላይ ያወጡት እሳቸው ናቸው፣ እና በየቀብሩ ግልቢያ አባቴ ከቀኛቸው ነበር የሚሆነው። ሲሞቱ ቀድሞ የሚጋልብላቸው እሱ እንደሆነም እሳቸው ራሳቸው በሰው ፊት ተናግረው ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ወሬው ከዳንግላ መጣ። የጋሪ ፈረሶች ያስላሉ፣ ሰው ከገበያ ዕቃውን በራሱ ተሸክሞ ይመለሳል፣ ባለጋሪዎቹ ስራ ፈትተው ጥላ ስር ተቀምጠዋል አሉ። እኛ ሳቅን። ጥቅምት ላይ ወሬው አዘና ደረሰ፣ ሳቃችን ቀነሰ። ከዚያ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከወረዳ አንድ የእንስሳት ሐኪም መጣ፣ ልጅ እግር ነው፣ ቦት ጫማው ከሱ ይበልጣል፣ ሰውን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰብስቦ፣

«ይሄ የፈረስ ጉንፋን ነው» አለ።

«ታዲያ አልጋ አንጥፈን እናስተኛዋ!» አለ አንዱ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሐኪሙ አልሳቀም። «ከፈረስ ወደ ፈረስ በትንፋሽ ነው የሚሄደው። አፍንጫ ለአፍንጫ ሲቆሙ፣ ካንድ ገንዳ ሲጠጡ። መርፌም ክኒንም የለኝም፣ መድኃኒቱ እረፍት ነው። ያሳለ ፈረስ ለብቻው ይታሰር፣ አንድ ወር ሙሉ አይጫን፣ አይጋለብ። እያሳለ ከጋለበ ሳንባው ይበላሻል፣ ይሞትባችኋል።»

አያ ቸኮል ብትራቸውን ተደግፈው ወደፊት ወጡ። «ልጄ፣ ሰው ቢሞትብንስ?» አሉት።

«በእግራችሁ ቅበሩ።»

 ልጁ ምን እንደተናገረ አላወቀም፣ ቦት ጫማውን እየጎተተ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈራችን የሚያስል ፈረስ ጠፋ። በሽታው የለም ማለቴ አይደለም፣ የሚናገር ጠፋ ማለቴ ነው። የማንም ፈረስ ቢያስል «አቧራ ነው» ይባላል፣ «እብቅ ገብቶበት ነው» ይባላል። ያስላል የተባለ ፈረስ ለቀብር አይወጣማ፣ ፈረሱ ያልወጣለት ሰው ደግሞ ማኅበርተኛ ነኝ ብሎ በምን አፉ ይናገራል። አባቴ ሰው የሚያወራውን ትቶ ዳማን ለውሃ ካልሆነ ከቤት አላወጣም አለ፣ ወደ ገበያም አልጫነውም፣ ገብሱን በራሱ ትከሻ እያመላለሰ፣ «ለጥር እንዲደርስልኝ ነው» ይል ነበር። ጥር የፈረስ ወር ነው፣ ሰርጉም በዓሉም ያኔ ነው።

ከቀርከሃው አጥር ወዲያ ማዶ አያ ታረቀኝ የሚባል ጎረቤት ነበረን። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፣ ቦራ የምትባል ግንባሯ ነጭ ባዝራ ነበረችው፣ ገብሱን ጥሊሊ ገበያ አድርሳ ጨውና ጋዙን ይዛ የምትመለስለት እሷ ናት። እኛና እሱ ከምንጩ ስር ካለችው ከአንድ የእንጨት ገንዳ ነበር የምናጠጣው፣ እሱና እኔ ደግሞ እዚያ ገንዳ ላይ በየጠዋቱ እንሰዳደብ ነበር፣ ቁርሳችን ነው።

«የሺ፣ ያ ቆዳ ዛሬም ቆሟል?» ይለኛል፣ ዳማን ማለቱ ነው።

«አያ ታረቀኝ፣ ቦራዎት ዛሬም ፈረስ ነኝ ብላ ነው የወጣችው?» እለዋለሁ።

ታህሳስ ሊያልቅ ሲል፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ባደረ አንድ ጠዋት፣ ገንዳው ላይ ሌሎች ሰዎችም ነበሩና፣ አያ ታረቀኝ «እስቲ የዳማን አፍንጫ ልየው፣ እናንተ ቤት አቧራ አልገባም?» ብሎ ተጠጋ። እኔ ደረቴን ነፋሁ። «ዳማን የሚይዝ በሽታ ገና አልተወለደም» አልኩ፣ «ፈረስ የሚታመመው ባለቤቱ ሰነፍ ሲሆን ነው!» ሰዎቹ በሳቅ ፈረሱ፣ አንዱ ጭራሽ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ ያን ቀን ከኔ በላይ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዳማ አሳለ።

አንድ ጊዜ ነው። «ኧህ።» ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ደገመ፣ ሠለሰ። አባቴ ገና በጨለማ ወደ አውድማው ወጥቶ ነበር፣ ገብስ እየወቃ ነበር የሰነበተው፣ እናቴ ውሃ ወርዳለች፣ ከኔና ከታናናሾቼ በቀር የሰማ የለም፣ እነሱም ተኝተዋል። ተነስቼ ጆሮውን ብይዘው ይፋጃል፣ አፍንጫውን ብነካው እጄ ረጠበ። ያን ጊዜ ወደ አውድማው ሮጬ ለአባቴ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን የታየኝ ገንዳው ነው፣ የታየችኝ የአያ ታረቀኝ ጥርስ ናት፣ ስትስቅ። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ከፌጦ ጋር በገብስ አሸሁለትና አበላሁት፣ በሁለት ቀን ይሽረዋል ብዬ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ሻኩራውን አወረድኩ። ሻኩራ ለበዓል ፈረስ አንገት ላይ የሚታሰር የትንንሽ ቃጭል ድርድር ነው፣ አንገቱን ባነቃነቀ ቁጥር ይንሿሿል። ዳማ ሲያስል አንገቱን ይሰብቃል፣ አንገቱን ሲሰብቅ ሻኩራው ይጮሃል፣ ሳሉ አይሰማም። ለአሥር ዓመት ልጅ መቼም ይሄ ብልጠት ነው።

አባቴ ማታ ሲመለስ «ምን ሆነሽ ነው ያሰርሽበት?» አለኝ።

«ለጥር እያለማመድኩት ነው» አልኩት።

«አንቺ ልጅ!» አለና ሳቀ፣ ራሴን ዳበሰኝ። ያቺ ዳበሳ እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

ሦስት ቀን እንዲህ ኖርኩ። ሻኩራው በጮኸ ቁጥር የአባቴን ፊት ሰርቄ አያለሁ፣ ዝም ሲልም ሞተ ብዬ እሮጣለሁ። ወደ ገንዳው መውሰድ ባቆም ይጠረጥሩኛል፣ ስለዚህ በየጠዋቱ ከሰው ሁሉ ቀድሜ አጠጣው ነበር፣ አፍንጫውን በቀሚሴ ጠርጌ፣ አጠጥቼ፣ ጠርጌ። ዳማ ውሃውን ትቶ ያየኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ገብሱን አልበላም፣ ያን ጊዜ ፈራሁ፣ ነገ እናገራለሁ ብዬ ማልኩ።

ነገ ሲደርስ አያ ቸኮል ሞቱ። ጥር በገባ በጥቂት ቀን ነው። ጡሩምባው ሲነፋ አባቴ ከአውድማው ሮጦ መጣ፣ እንባው በጉንጩ ላይ እብቁን እያጠበው ይወርዳል፣ ኮርቻውን አወረደ፣ ግላሱን አለበሰ፣ ልጓሙን አጎረሰ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ መንገዱን ለቀቅኩለት። ዳማም የአባቴን እጅ ሲያገኝ እንደ ደኅና ፈረስ ጆሮውን አቆመ፣ አባቴ አታሳፍረኝ ያለው ይመስል። በዚያ ላይ ሻኩራው አለ። አባቴ ወጣበትና ሄደ፣ እኛም ከሴቶቹ ጋር በእግር ተከተልን።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ፈረሰኛው ሁሉ ተሰልፏል። የአያ ቸኮል ፈረስ ባዶ ኮርቻውን ይዞ ከፊት ቆሟል፣ ሬሳው በቃሬዛ ላይ ነው፣ ከኋላው አባቴ ዳማ ላይ። ፈረሶቹ አንገት ለአንገት ተጠጋግተው ቆመዋል፣ ሐኪሙ አታድርጉ እንዳለው አድርገው፣ አፍንጫ ለአፍንጫ። ሻኩራ ያሰረ ደግሞ ዳማ ብቻ አልነበረም። ሳየው ብዙው አስሯል፣ ለቀብር ሻኩራ መቼ ታስሮ ያውቃል! ሰው ሁሉ እኔ ያሰብኩትን አስቦ ነበር። ሴቶቹ እያለቀሱ፣ እኔ የዳማን ጎን አያለሁ፤ ቆሞ እያለ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ይተነፍሳል፣ አንገቱ በላብ ጠቁሯል። አባቴ ጅራፉን አነሳ፣ ሊጋልብ ነው፣ በጉልበቱ ጫን ሲያደርገው አየሁ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። እናቴ ነጠላዬን ይዛ ነበር፣ ነጠላው እጇ ላይ ቀረ። ልጓሙን በሁለት እጄ ጨብጬ ከፈረሱ ደረት ስር ተንጠለጠልኩ።

«አባዬ፣ አታስሩጠው! ያስለዋል!»

«ምን አልሽ?»

«ያስለዋል! ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው! ሻኩራውን ያሰርኩት ሳሉ እንዳይሰማ ነው!»

ለቅሶው ቆመ። እንግዲህ አስቡት፣ የአለቃ ቀብር ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ሴት ልጅ ልጓም ይዛ። እናቴ ከኋላ በአገውኛ የምትለውን ሁሉ አለችኝ፣ በአማርኛ አልናገረውም፣ ነውር ነው። ከሰልፉ አንዱ «ይቺን ልጅ ወዲያ በሏት!» ሲል ሰማሁ፣ ሌላው «አቧራ ነው፣ ጋልብ!» አለ። አባቴ ከላይ አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ዳማ አንገት ላይ አስደገፈ፣ አዳመጠ፣ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ዳማ በዚህ መሀል አሳለ፣ ሻኩራው ጮኸ፣ አባቴ ግን ጆሮው እዚያው ነበር።

ወረደ። ሻኩራውን ፈትቶ ሣሩ ላይ ጣለው። ልጓሙን እጄ ላይ አድርጎ፣ «ወደ ቤት። ቀስ ብለሽ። ከማንም ፈረስ አታስጠጊው» አለኝ። ከዚያም በዚያ ሁሉ ፈረሰኛ ፊት፣ የአባቱ ምትክ ለነበሩት ሰው ቀድሞ መጋለብ ሲገባው፣ በእግሩ ቃሬዛውን ተከተለ። ዞሬ ሳይ ሦስት ሰዎች ወርደው ነበር። የቀሩት ጋለቡ። የሰኮናው ድምፅ ቤት እስክደርስ ከኋላዬ ነበር፣ ዳማ በሰማው ቁጥር ጆሮውን እያቆመ።

አባቴ ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። ጭራሽ ዘጋኝ ማለቴ አይደለም፣ በዳማ በኩል ነበር የሚያናግረኝ። «ዳማ፣ ያቺን ልጅ ሞቅ ያለ ውሃ አምጪ በላት» ይላል። «ዳማ፣ ድርቆሹን ውሃ ታርከፍክፍበት፣ አቧራው ያስልሃል በላት።» እኔም «ዳማ፣ እሺ በለው» እላለሁ። ለሁለት ሳምንት ያህል ዳማ ራሱን መሬት ድረስ ደፍቶ፣ ከአፍንጫው ወፍራም ነገር እየወረደ፣ ሲያሰኘው ዐይኑን ጨፍኖ ቆመ፣ እኛም በተራ ከአጠገቡ ተቀመጥን። የጋለቡት ፈረሶች ወሬ በዚያው ሰሞን ይመጣ ጀመር፤ የእገሌ ወደቀ፣ የእገሌ ሞተ። አባቴ ወሬውን በሰማ ቁጥር ይነሳና ዳማን በገብስ ገለባ ያሸው ነበር።

የካቲት ላይ ዳማ ገብስ በላ። የካቲት ላይ የአያ ታረቀኝ ቦራ ሞተች።

የኛ እልልታና የሱ ጸጥታ በአንድ ሳምንት ነው የሆነው። ቦራ ቀብሩ ላይ አልነበረችም፣ አያ ታረቀኝ ታመምኩ ብሎ ቀርቶ ነበር። ታዲያ ከየት ያዛት? እኔ አውቀዋለሁ፤ ከገንዳው ነው። ከዚያ በኋላ ገንዳው ላይ ስድብ ቀረ። ባየኝ ቁጥር «ደህና አደርሽ» ብቻ ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ያ ደህና አደርሽ ከጅራፍ ይብስብኝ ነበር።

መጋቢት ላይ፣ ገበያ በሚውልበት ቀን፣ የገብሱን ጆንያ በጀርባው አዝሎ ወደ ጥሊሊ ሊወጣ ሲል አጥሩ ጋ አገኘሁት።

«አያ ታረቀኝ፣ ቦራን የገደልኳት እኔ ነኝ» አልኩት።

«በምን? በምላስሽ?»

«በገንዳው። ዳማ እያሳለ ሦስት ቀን ከገንዳው አጠጥቼዋለሁ።»

ጆንያውን አወረደ። ላቡን ጠረገ። ይመታኛል ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። «ስሚ» አለኝ፣ «የኔ ቦራ ካንቺ ዳማ በአንድ ቀን ቀድማ ነው ያሳለችው። ያን ቀን የዳማን አፍንጫ ልየው ያልኩሽ፣ ሰው ሁሉ ወደሱ እንዲያይ ብዬ ነው። ከዚያም እያሳለች ጥሊሊ ጫንኳት፣ ሁለት ጊዜ። ገባሽ? በይ አሁን ጆንያውን አሸክሚኝ።»

አሸከምኩት። እውነቱን ይሁን፣ አሥር ዓመት ለሆናት ልጅ አዝኖ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለታችንም ያን ቀን ብንናገር ኖሮ ግን ማን ቀደመ የሚለው ጥያቄ ራሱ አያስፈልግም ነበር።

ግንቦት ላይ ዝናቡ መጥቶ ሣሩ ሲያቆጠቁጥ አባቴ ዳማን ሜዳ አወጣው። ሶምሶማ ሲረግጥ ጉሮሮው ያፏጭ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዳማ ጋልቦ አያውቅም፣ አባቴም በየቀብሩ ከሰልፉ መጨረሻ ሆኖ በእርምጃ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ሣሩ ላይ ተቀምጠን እያየነው፣ ያለ ዳማ አማላጅነት በቀጥታ ለኔ ተናገረ። «ያን ቀን ባትነግሪኝ ኖሮ ይሄ ፈረስ አይኖርም ነበር» አለ። ቀጥሎም፣ «ሦስት ቀን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ደግሞ ይጋልብ ነበር» አለ። ሁለቱንም እኩል አድርጎ ነው የተናገረው፣ አንዱንም ጮክ አላደረገም።

አሁን አባቴም የለም፣ ያ ሜዳም ለከሰል በሚተከል ዛፍ ተሸፍኗል። ጥር ሲደርስ ግን ፈረሰኛው ከያኔው ይበዛል፣ ጌጡ ይበዛል፣ ከጌጡ ግማሹ የኔ እጅ ሥራ ነው፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ቀስሮ ይቀርጻል። ያኔ ወሬውንም በሽታውንም የሚያመጣልን ያው ፈረስ ነበር፣ ሁለቱ እኩል ነበር የሚደርሱት፤ ዛሬ ኔትወርክ ካለ ዳንግላ ላይ ያሳለው ጥሊሊ ላይ ወዲያው ይሰማል። ባለፈው ጥር ሱቄ ተቀምጠው የቀብር ነገር የሚማከሩ ሰዎች ነበሩ፣ የአንዱ ስልክ ጮኸ፣ ሁላችንም እንድንሰማው ድምፁን ከፍ አደረገው። የሚናገረው አንድ ወጣት ፈረሰኛ ነው። «የኔ ዛሬ ጠዋት አሳለ፣ በእግሬ ነው የምመጣው» አለ። «እሺ፣ በእግርህ ና» አሉትና ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልደነገጠም። እኔ ብቻ መርፌዬን ይዤ ቀረሁ። «አሳለ» ማለት ለካ ይህን ያህል አጭር ነገር ናት፤ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ከአፌ አልወጣ ብላኝ ነበር።